የቅዳሜው ፊልም ተመርጧል

ሰላም ልጆች፣ ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር እዛው የተለመደው ቤት የድሮ የዘረፋ ፊልም እናያለን። «ሪፊፊ» ይባላል፣ እ.ኤ.አ. በ1955 የወጣ የፈረንሳይ ፊልም ነው፣ ዳይሬክተሩ ጁልስ ዳሲን። ጥቁርና ነጭ ነው ብላችሁ እንዳትቀሩ በናታችሁ! ፓሪስ ውስጥ አንድ የጌጣጌጥ ሱቅ ከላይ ካለው ቤት ወለሉን ሰርስረው ሲገቡ ግማሽ ሰዓት ገደማ ንግግርም የለም ሙዚቃም የለም፣ ፍርስራሹ ወድቆ ድምፅ እንዳያሰማ ጃንጥላ በቀዳዳው አስገብተው ይዘረጉታል፣ እኔማ እዛ ጋ ትንፋሼን ይዤ ነው ያየሁት። ያሁኖቹ የዘረፋ ፊልሞች ኮምፒውተር ሲነካኩ ነው ሚያልቁት፣ እነዚህ ግን በእጃቸው ነው ሚለፉት፣ ላባቸው ሁላ ይታያል። እዛ ቦታ ላይ ቆሎ መቆርጠም ክልክል ነው ብያለሁ።

ሰብታይትሉ እንግሊዝኛ ነው። መብራት ከጠፋ ብዬ ላፕቶፑን ቻርጅ አድርጌ ነው ማመጣው፣ ስፒከር ያለው ይያዝ፣ የደሴን ብርድ ታውቁታላችሁ ጋቢ እንዳትረሱ። ከኮምቦልቻ ምትመጡት ሳይመሽ እንድትመለሱ በሰዓቱ እንጀምራለን። ሚመጣ ሰው እስከ ሐሙስ ማታ እዚሁ «አለሁ» ይበል፣ የቡናውን ልክ እንድናውቅ።