«ለቦዩ ማን ይክፈል?» — የታሪክና የክርክር ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ክበባችን ዘንድሮ ዓመቱን ሙሉ አንድ ጥያቄ ይዞ ነው የከረመው፤ አሜሪካ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ እንዴት አደገች? በመስከረም መጨረሻ ባደረግነው የመጀመሪያ ስብሰባ የፈረንሳይ አብዮትና የጃፓን ዘመናዊነትም ለምርጫ ቀርበው ነበር። የ11ኛ ክፍል ተማሪዎች ግን ገና የተመሠረተችና የጦርነት ዕዳ ያለባት አገር በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ምን ሠርታ ተለወጠች የሚለውን ማወቅ እንፈልጋለን ብለው ተከራከሩ፤ ድምፁንም አገኙ። (የታሪኩ ቀኖችና ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ንባብ ስንጀምር አብዛኞቹ አባላት የነበራቸው ግምት መሬቱ ሰፊ፣ ሕዝቡም ታታሪ ስለነበር ሀብት ራሱ መጣ የሚል ነበር። እኔ መምህራቸው ደግሞ እያንዳንዱ ቦይ፣ እያንዳንዱ ባንክና እያንዳንዱ ቀረጥ ሰዎች በምክር ቤት ተፋጠው የወሰኑት ጉዳይ መሆኑን እንዲያዩልኝ ፈለግሁ። ስለዚህ ደንብ አወጣን፤ በየሁለት ሳምንቱ አንድ ሕግ ወይም አንድ ውሳኔ ይቀርባል፤ አቅራቢው ማን ጠየቀ፣ ማን ተቃወመ፣ ማን ተጠቀመ፣ ማን ከፈለ የሚሉትን ሳይመልስ አይቀመጥም።

የመጀመሪያው ሴሚስተር የቦይ ነበር። ከአፓላቺያን ተራሮች ማዶ የሰፈረ ገበሬ ስንዴውን ወደ ምሥራቁ ጠረፍ በጋሪ ቢያመጣ የማጓጓዣው ወጪ ትርፉን ይበላበት ነበር። በ1817 የኮንግረስ (የአገሪቱ ሕግ አውጪ ምክር ቤት) አባሉ ጆን ካልሁን ያቀረቡት ረቂቅ የፌዴራሉ መንግሥት ከሁለተኛው ብሔራዊ ባንክ የሚያገኘው ገንዘብ ለመንገድና ለቦይ ሥራ እንዲውል የሚጠይቅ ነበር። ኮንግረስ አጸደቀው። ፕሬዚዳንት ጄምስ ማዲሰን ግን ሥልጣን ሊያስረክቡ አንድ ቀን ሲቀራቸው፣ መጋቢት 3 ቀን፣ ውድቅ አደረጉት። መንገድና ቦይ ጠልተው አይደለም፤ ቀደም ብለው ኮንግረሱ እንዲያስብበት ያሳሰቡት ራሳቸው ናቸው። ሕገ መንግሥቱ ለማዕከላዊው መንግሥት ይህን ሥልጣን አልሰጠውም፤ ከተፈለገ መጀመሪያ ሕገ መንግሥቱ ይሻሻል ነው ያሉት።

ይህን ውሳኔ አባላቱ በቀላሉ አልተቀበሉትም። የመማሪያ ክፍሉን ወንበሮች ኮንግረስ አስመስለን ደረደርናቸው፤ የማዲሰንን ቦታ የያዘችው የ10ኛ ክፍል ተማሪ ከሁሉም አቅጣጫ ተጠየቀች። «ቲቸር፣ የሚጠቅም መሆኑን እያወቁ እንዴት ይከለክላሉ?» የሚለው ጥያቄ ደጋግሞ ይነሣ ነበር። እሷ ግን አልተበገረችም፤ ዛሬ ለመልካም ሥራ ብለን ያለፍነውን ወሰን ነገ ለክፉ ሥራ የሚያልፈውን በምን እንከለክለዋለን ብላ መለሰች። ቤቱ ዝም አለ፤ ድምፅ ሲሰጥ ግን ተሸነፈች። ብትሸነፍም የዓመቱ ምርጥ ንግግር የእሷ ነው ብዬ አምናለሁ።

የፌዴራሉ መንግሥት እምቢ ሲል የኒውዮርክ ግዛት ለብቻው ተነሣ። የግዛቱ ገዢ ዴዊት ክሊንተን ሥራቸው «የክሊንተን ጉድጓድ» እየተባለ ቢሾፍባቸውም፣ ኢሪ ሐይቅን ከሃድሰን ወንዝ ጋር የሚያገናኘው የኢሪ ቦይ ቁፋሮ ሐምሌ 4 ቀን 1817 ሮም በምትባለው የግዛቱ ከተማ አጠገብ ተጀመረ። ገንዘቡ ከቦንድ ሽያጭ መጣ፤ ቦንዱን ቀድመው ከገዙት መካከል የትንንሽ ቆጣቢዎችን ገንዘብ የሰበሰበ የኒውዮርክ የቁጠባ ባንክ ይገኝበታል። ያለቁት ክፍሎች የመተላለፊያ ክፍያ ማስገባት ሲጀምሩ የለንደን ባለሀብቶችም ገቡበት። ሥራውን የመሩት ቤንጃሚን ራይት እና ጄምስ ጌዴስ የመሬት ቅየሳና የፍርድ ቤት ሰዎች ነበሩ፤ ምሕንድስናውን የተማሩት እየሠሩ ነው። በ1825 ሲያልቅ 584 ኪሎ ሜትር ርዝመትና ጀልባን ደረጃ በደረጃ የሚያወጡና የሚያወርዱ 83 ባለ በር የውሃ ክፍሎች ነበሩት። ወጪው ወደ 7 ሚሊዮን ዶላር ነው። ከቡፋሎ እስከ ኒውዮርክ ከተማ አንድ ቶን ለማጓጓዝ ይጠየቅ የነበረው ወደ 100 ዶላር የሚጠጋ ክፍያ ወደ 10 ዶላር ገደማ ወረደ። ቺካጎና ክሊቭላንድ ከኒውዮርክ ጋር በውሃ ተገናኙ፤ ኒውዮርክም ፊላደልፊያንና ቦስተንን ጥላ ወጣች።

ከእነዚህ የውሃ ክፍሎች የአንዱን ሞዴል ከፊዚክስ ክበብ ጋር ሆነን ከጣውላና ከግልጽ ፕላስቲክ ሠርተናል። መጀመሪያ በሮቹ ቀጥ ያሉ ነበሩና ውሃው በመካከላቸው እየሾለከ አስቸገረ፤ ጠርዛቸውን ሻማ ብንቀባውም አልቆመም። በሥዕሎቹ ላይ ሁለቱ በሮች ወደ ላይኛው ውሃ አቅጣጫ ሾጠጥ ብለው ለምን እንደሚገጥሙ የገባው የ9ኛ ክፍል ተማሪ ነው፤ ውሃው በገፋቸው ቁጥር እርስ በርስ ይበልጥ ይጣበቃሉ። በዚያው አኳኋን እንደገና ገጠምናቸው። በወላጆች ቀን የወረቀት ጀልባዋ በማሰሮ በሚቀዳ ውሃ ከፍ ስትል ለማየት ሰልፍ ተይዞ ነበር።

በሁለተኛው ሴሚስተር ወደ ባንኩ ገባን። በ1816 ለ20 ዓመት የተፈቀደው ሁለተኛው ብሔራዊ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤቱ ፊላደልፊያ ሲሆን ከ35 ሚሊዮን ዶላር ካፒታሉ አንድ አምስተኛው የመንግሥት፣ ቀሪው የግል ባለአክሲዮኖች ነበር። ፖለቲከኛው ሄንሪ ክሌይ ባንኩን፣ የገቢ ዕቃ ቀረጥንና የመንገድና የቦይ ሥራን አንድ ላይ አስተሳስረው «የአሜሪካ ሥርዓት» ብለው ሲሟገቱ፣ ፕሬዚዳንት አንድሩ ጃክሰን ጥቂት ባለጸጎችና የውጭ አገር ሰዎች በሕዝብ ገንዘብ ላይ የሚያዙበት ነው በማለት በሐምሌ 1832 የፈቃዱን እድሳት ሻሩት። በዚያው ዓመት ምርጫም ክሌይን አሸነፉ።

«ጃክሰን ልክ ነበሩ» በሚል ርእስ በአዳራሽ የተደረገውን ክርክር የጃክሰን ወገን በተመልካች ድምፅ አሸንፏል። የእኔ አስተያየት ሌላ ነው። ያልተመረጠ ኃይል ይህን ያህል ገንዘብ መያዙ ሊያስፈራ ይገባ ነበር፤ ነገር ግን ባንኩ ሲፈርስ በየግዛቱ የሚታተመውን የባንክ ወረቀት የሚቆጣጠር አልተተካም። በ1837 በመጣው የገንዘብ ቀውስ የተጎዳው ደግሞ በስሙ የተማለለት ተራው ሰው ነው።

በዚያ ዘመን የስፔን የብር ዶላር እስከ 1857 ድረስ በአሜሪካ ሕጋዊ መገበያያ መሆኑን ስነግራቸው ክፍሉ ተገረመ። አንዲት አባል በሚቀጥለው ስብሰባ ከአያቷ የአንገት ጌጥ ላይ የተፈታ ማርትሬዛ ይዛ መጣች። 1780 የሚለው ጽሑፍ አሁንም ይነበባል። የሌላ አገር ብር በገበያ ላይ እንዴት ሊታመን እንደሚችል ከዚያ በኋላ ማስረዳት አላስፈለገኝም።

ከሁሉም የከበደን ጥጥ ነው። የኤሊ ዊትኒ የጥጥ መፈልፈያ በ1793 ከተሠራ በኋላ እርሻው ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ ገሰገሰ፤ በ1830ዎቹ አጋማሽ ከአገሪቱ ወጪ ንግድ ከግማሽ በላይ ጥጥ ነበር። በ1790 ወደ 700 ሺህ የነበሩት በባርነት የተያዙ ሰዎች በ1860 ወደ 4 ሚሊዮን ተጠግተዋል። ከውጭ ባሪያ ማስገባት በ1808 ቢከለከልም በአገር ውስጥ ግን ልጅ ከእናቱ እየተነጠለ ይሸጥ ነበር። ሰሜኑም ንጹሕ አልነበረም፤ በማሳቹሴትስ ግዛት በሎዌል ከተማ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች የሚሠሩት ወጣት ሴቶች በ1834 ደመወዛቸው ሲቀነስ ሥራ አቁመው የታገሉባቸው መዘውሮች የሚፈትሉት ይህንኑ ጥጥ ነው። ኒውዮርክም በ1821 ሕገ መንግሥቷ ለነጭ ወንዶች የንብረት መስፈርቱን ስታነሳ ጥቁር ወንድ እንዲመርጥ የ250 ዶላር ንብረት ጠየቀችበት።

ካርታ የሚሠራው ቡድን የጥጥ አካባቢዎችን ቀለም ቀብቶ ሲጨርስ አንድ አባል እጁን አወጣና «እዚህ መሬት ላይ ከዚያ በፊት ማን ነበር?» አለ። ቡድኑ ሥራውን አቁሞ ማንበብ ጀመረ። ነባር ሕዝቦችን ከሚሲሲፒ ወንዝ ማዶ ለማስፈር የወጣው የ1830 ሕግ በተወካዮች ምክር ቤት 102 ለ97 በሆነ ድምፅ ነው ያለፈው። በ1838 በወታደር ተገደው ከተነዱት ወደ 16 ሺህ ቸሮኪዎች ወደ 4 ሺህ የሚሆኑት በስደቱ እንዳለቁ ይገመታል። ልጆቹ የቸሮኪ፣ የክሪክ፣ የቾክታውና የቺካሶ ሕዝቦችን ስም በወረቀት ጽፈው በቀለሙ ላይ ለጠፉ። በ102ቱና በ97ቱ መካከል ያለውን የአምስት ድምፅ ልዩነት ያለ ማንም ትእዛዝ በቀይ ማርከር ከካርታው ጥግ የጻፉትም እነሱ ናቸው።

ካርታው በቤተ መጻሕፍቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ቦታውን ለፈቀዱልን የቤተ መጻሕፍት ኃላፊና ሞዴሉን ላገዙን የፊዚክስ መምህር ክበቡ ያመሰግናል። በ1828ቱ ቀረጥ ላይ ሳውዝ ካሮላይና ያነሣችውን ተቃውሞ ጊዜ ስላጠረን በጨረፍታ ነው ያለፍነው፤ አዲሶቹ የክበቡ ሰብሳቢዎች በመጪው ዓመት በእሱ ለመጀመርና ወደ 1837ቱ ቀውስ ለመሻገር ወስነዋል። ምዝገባው በመስከረም ሁለተኛ ሳምንት ነው፤ ከ9ኛ ክፍል የሚመጡ በተለይ ይፈለጋሉ።