ለቁጠባሽ የምትመርጪው ባንክ

ልጄ፣ እንዴት ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አባትሽም ጉልበቱ ተሽሎት ቤተ ክርስቲያን መሳለም ጀምሯል።

ባለፈው ስንደዋወል ከደመወዝሽ የሚተርፍሽን የት ብትቆጥቢ እንደሚሻል ጠየቅሽኝና፣ መልሴን ሳትሰሚ «ሁሉም ባንክ ያው ነው» አልሽ። ያው አይደለም። በስልክ የማይጨረስ ነገር ስለሆነብኝ ነው የምጽፍልሽ።

ወለዱን ብቻ ካየሽ ልክ ነሽ። ብሔራዊ ባንክ ከጥቅምት 2010 ዓ.ም. ጀምሮ ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ አድርጎታል፤ ለተራ ቁጠባ ከዚያ ብዙ የሚርቅ ባንክ አታገኚም። እሱንም የኑሮ ውድነቱ ይበላዋል። ስለዚህ የመጀመሪያ ጥያቄሽ «ስንት ይከፍሉኛል?» ሳይሆን «ብሬን ለማን ያበድሩታል?» ይሁን። አንቺ ያስቀመጥሽው ካዝና ውስጥ ተቆልፎ አይጠብቅሽም። ባንኩ ለሌላ ሰው ይሰጠዋል፤ ያ ሰው በብርሽ ሕንፃ ይሠራል፣ ዕቃ ያስመጣል፣ ወይም እርሻ ያርሳል።

ጎረቤታችንን እንጀራ ጋጋሪዋን ታስታውሻታለሽ። የሆቴሎች ትእዛዝ ሲበዛባት ሁለት የኤሌክትሪክ ምጣድ ለመጨመርና ጤፍ በጅምላ ለመግዛት ብድር ጠየቀች። የጠየቀችው ለዓመታት ከሽያጯ እየቀነሰች የቆጠበችበትን ባንክ ነው። ለአዲስ ዓመት ካላንደርና ጃንጥላ ይዘው ቤቷ ድረስ የሚመጡት እነሱ ነበሩ። የቁጠባ ደብተሯንና ከሆቴሎቹ ጋር የተፈራረመችውን ውል ይዛ ስትሄድ «የቤት ካርታ አምጪ» አሏት። ቤቱ የቀበሌ ነው፤ ካርታ ከየት ታመጣለች? የእሷን ብር ግን ካርታ ላለው ሰው ያበድሩታል። አራጣ አበዳሪ ደጃፍ ልትደርስ ስትል የሴቶቹ ቁጠባና ብድር ማኅበር በሁለት ሰው ዋስትና አበደራት። ዛሬ ሁለት ልጆች ቀጥራ ታሠራለች።

ይህ የሷ ብቻ ችግር አይደለም። በኦዲት ሥራዬ በየወረዳው ስዞር ያየሁት ይኸው ነው፤ ቅርንጫፉ ከገጠሩ ተቀማጭ ይሰበስባል፣ ብድሩ አዲስ አበባ ይሄዳል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና አዋጅ፣ ቁጥር 1147፣ ከብትም ሰብልም ማሽንም ማስያዣ እንዲሆን ፈቅዷል። ሕጉ አለ። የሚሠራበት ባንክ የትኛው እንደሆነ ነው መጠየቅ ያለብሽ።

ንግድ ባንክንም ተመልከቺ። የመምህሩም የጡረተኛውም ቁጠባ ለብዙ ዓመት ለመንግሥት ልማት ድርጅቶች ሲበደር ኖረ፤ ለመብራት ኃይል፣ ለስኳር ፋብሪካዎች። ዕዳው ሳይመለስ ተከማችቶ በ2017 ዓ.ም. ፓርላማው ዕዳውን የሚተካ እስከ 900 ቢሊዮን ብር የሚደርስ የመንግሥት ቦንድ ለባንኩ እንዲወጣ አጸደቀ። መብራት መሥራቱን ክፉ ነው አልልም፤ የሁላችንም ነው። ነገር ግን ከቆጣቢው አንድም ሰው «እሺ ትላለህ?» ተብሎ አልተጠየቀም።

ቆጣቢ ሲጠይቅ ደግሞ ነገር ይለወጣል። ወለድ በሃይማኖታቸው የማይፈቀድላቸው ሙስሊም ወገኖቻችን ስንት ዘመን ወለዱን እየተዉ ነው ያስቀመጡት። ጥያቄያቸውን ባለመተዋቸው በ2013 ዓ.ም. ዘምዘም ሥራ ሲጀምር ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆነ የመጀመሪያው ባንክ ተገኘ። እናት ባንክንም በ2005 ዓ.ም. ሥራ ያስጀመሩት ሴቶች ናቸው፤ ከመሥራቾቹ አንዷ በኋላ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት የሆኑት መዓዛ አሸናፊ ነበሩ። ሴት ብድር ጠይቃ ማስያዣ ስለሌላት ብቻ እንዳትመለስ ብለው ነው የተነሡት። የኦሮሚያ ኅብረት ሥራ ባንክን ብትወስጂ ደግሞ ከባለቤቶቹ ውስጥ የገበሬ ማኅበራት አሉበት።

እኔ ብሆን ልቤ ወደ እናት ባንክ ያደላል። ይሁን እንጂ ስሙን አይተሽ ብቻ እንዳትገቢ። ባንኮች በየዓመቱ ኦዲት የተደረገ ሪፖርት ያወጣሉ። ከፊት ያለውን የሊቀ መንበሩን መልእክትና ፎቶውን እለፊና ከኋላ ከሒሳብ መግለጫው ጋር የተያያዙትን ማብራሪያዎች አንብቢ። ብድሩ በዘርፍ ተከፋፍሎ የተጻፈበት ሰንጠረዥ አለ፤ ለአገር ውስጥ ንግድ፣ ለገቢና ወጪ ንግድ፣ ለግንባታ፣ ለግብርና ስንት እንደሰጡ ይናገራል። ገበሬውን በማስታወቂያ ሲያሞግስ የከረመ ባንክ ለግብርና የሰጠው ምን ያህል እንደሆነ እዚያ ላይ ታያለሽ። የተበላሸ ብድሩንም፣ ማለትም በጊዜው ያልተመለሰለትን፣ እዪ፤ ከጠቅላላ ብድሩ 5 በመቶ ካለፈ ለራስሽ ስትይ ተጠንቀቂ፤ ደግ ባንክ ቢሆንም ያበደረውን ማስመለስ ካልቻለ ያንቺን መመለስ ይቸግረዋል። መኪና የሚያሸልም ዕጣ ስላለ ብቻ ሒሳብ አትክፈቺ፤ የሽልማቱ ወጪ ከዚያው ከሰበሰቡት ገንዘብ ነው የሚወጣው።

ስለ ደኅንነቱ አትጨነቂ። የተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ የሚባል ተቋቁሟል፤ ባንክ ቢወድቅ ለአንድ አስቀማጭ እስከ 100 ሺህ ብር ይሸፍናል። አንቺ ገና እዚያ አልደረስሽም።

ደመወዝሽ መሥሪያ ቤትሽ በመረጠው ባንክ መግባቱን ይቀጥል፤ እሱን መቀየር አትችዪም። በወሩ መጀመሪያ ግን የምትቆጥቢውን ወደ መረጥሽው አዛውሪ። ሆስፒታላችሁ የሠራተኞች ቁጠባና ብድር ማኅበር አለው ብለሽኝ ነበር፤ ከቻልሽ ትንሽ እዚያም አድርጊ። አባል ስትሆኚ በጉባኤው እጅሽን አውጥተሽ ትመርጪያለሽ፤ ብዙ የቆጠበውም ጥቂት የቆጠበውም አንድ ድምፅ ነው ያለው። የመድን ፈንዱ ግን ማኅበራቱን ስለማይሸፍን ሒሳቡ በየዓመቱ ኦዲት መደረጉን ጠይቂ። ኦዲቱ ከዘገየ አትግቢ። ይህን እንደ እናትሽ ብቻ ሳይሆን እንደ ኦዲተርም ነው የምነግርሽ።

ባንኩ ጋ ስትሄጂ አንድ ነገር ጠይቂልኝ፤ ካርታ ለሌላት ሴት ምን ዓይነት ብድር አላችሁ፣ ባለፈው ዓመትስ ለስንት ሰጣችሁ በያቸው። የመለሱልሽን ጻፊልኝ። ሪፖርቱንም ካገኘሽው በቴሌግራም ላኪልኝና ሰንጠረዡን አብረን እናየዋለን።

እናትሽ
ከደብረ ብርሃን