እማዬ፣ ልጁን ይዤ ከመምጣቴ በፊት

አሰላሙ አለይኩም እማዬ፣

ጉልበትሽ እንዴት ሆነ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። የልጁ ቁስል ደርቋል፣ ጡቱንም በደንብ ይጠባል። አላህ ካለ አረፋን ሐይቅ እናንተ ጋ እንውላለን። ይህን ደብዳቤ ግን አስቀድመሽ አስነብቢው፤ ጎረቤቶችም ይስሙት።

ጭንቅላቱ ውስጥ ውሃ እየተጠራቀመ ያስቸገረው ልጃችን አሁን ከቆዳው ሥር በቀዶ ጥገና የገባ ቀጭን ቱቦ አለው። ሻንት ይሉታል። ከጭንቅላቱ ውስጥ ተነስቶ በጆሮው ኋላ፣ በአንገቱና በደረቱ ወርዶ ሆዱ ውስጥ ይገባል። ውሃው እዚያ ይፈስሳል፣ ሰውነቱም ይመጥጠዋል። ከጆሮው ኋላ ጉብ ያለው ነገር ውሃውን የሚመጥን ቫልቭ ነው። እባጭ መስሏችሁ እንዳታሹት።

ሐኪሞቹ በጣም የሚፈሩት ኢንፌክሽንና የቱቦ መዘጋት ነው። ኢንፌክሽኑ በአብዛኛው የሚመጣው ከቀዶ ጥገናው በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ወራት ነው፤ መነሻውም ብዙ ጊዜ ቆዳ ላይ የሚኖር ጀርም ነው። ስለ ቅቤው የምለምንሽ ለዚህ ነው። ሁላችንንም ርግብግቢታችንን በቅቤ እያሸሽ እንዳሳደግሽን አውቃለሁ። የሱ ቁስል ግን እዚያው አጠገብ ነው። ቅቤም ቅጠልም አይንካው። ጭንቅላቱ በምላጭ አይላጭ፣ አንገቱ ላይም ክታብ አይታሰር። የሚያቅፈው ሁሉ እጁን በሳሙና ይታጠብ። በዚህ ጉዳይ ለማንም ይሉኝታ አልይዝም፣ አንቺም አትያዥ።

ቱቦው ደግሞ ከዓመታት በኋላም ሊዘጋ ይችላል። ያኔ ውሃው እንደገና ይጠራቀማል። ስንቱን ያሳደግሽ ስለሆንሽ ምልክቱን ከኔ ቀድመሽ ታይዋለሽ። ሳያለቅስ ርግብግቢቱ ከተወጠረ፣ ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ጡት እምቢ ካለ፣ እንቅልፉ ከብዶ አልነቃ ካለ፣ ዓይኑ ወደ ታች ካዘቀዘቀ ወይም ካንዘፈዘፈው ዝም አትበሉ። ትኩሳትም ቢሆን፣ በቱቦው መንገድ መቅላት ወይም እብጠትም ቢሆን ያው ነው። «ጥርስ ሊያወጣ ነው»፣ «ዓይን ነክቶት ነው» እየተባለ እንዳይታደር። እንጥሉንም ማንም አይንካ። ሌሊትም ቢሆን መኪና ተፈልጎ በቀጥታ ደሴ ሆስፒታል ነው። ዱዓው መኪናው ውስጥ ይደረጋል። ለሐኪሙ መጀመሪያ የሚነገረው «ይሄ ልጅ ሻንት አለው» የሚለው ነው።

ከበዓሉ በኋላ ጭንቅላቱን በሜትር የሚለኩበት ቀጠሮ ስላለን ብዙ አንቆይም። ቀጠሮው አይታለፍም፣ አትቀየሚኝ። ሳሙና በብዛት ይዤ እመጣለሁ።

ልጅሽ