ለልብስ ሰፊዋ ጓደኛዬ

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ፣

እንደምን ከረምሽ? ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ጅማ ዝናቡ ጋብ ብሎ ቡናው መቅላት ጀምሯል። በጣም ተጠፋፋን። መጀመሪያ አንቺን አዲስ አበባ ዋጠችሽ፣ ቀጥሎ እኔ እማዬን ይዤ ከሆስፒታል ቤት ስመላለስ ከረምኩ፣ ከዚያ ዝምታውን ለመድነው መሰለኝ። ዛሬ ግን የላክሽልኝን የድምፅ መልእክት ደጋግሜ ሰምቼው ዝም ማለት አቃተኝ።

«እኔ እኮ ለእግዚአብሔር የምሰጠው ምንም የለኝም» አልሽኝ። ድምፅ የለኝም አልዘምርም፣ ሰው ፊት ቆሜ አላስተምርም፣ ኪሴም ባዶ ነው፣ ቅዳሴ ቆሜ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ፣ በቃ። እንዲህ ስትዪ አዘንኩም ተናደድኩም። እንዴ! እጅሽስ?

መርካቶ በረንዳው ላይ በዚያች የእግር ሲንጀር ቁጭ ብለሽ የሰንበት ተማሪዎቹን ነጭ ቀሚስ የሰፋሽው አንቺ አይደለሽም? ክሩን እንኳ ከራስሽ ነበር የምትገዢው። እነሱ ሲዘምሩ ሰው ሁሉ ድምፃቸውን ይሰማል፣ አንቺ በሴቶች በኩል ቆመሽ የማን ቀሚስ ጠርዝ እንደተተረተረ ታዪያለሽ። የሰፈር ልጆች ዩኒፎርም ሲቀደድ ማን ነበር ያለ ክፍያ የሚጥፍላቸው? ይሄን ሁሉ አገልግሎት ብለሽ አልቆጠርሽውም። ለመሆኑ አፍ ብቻ ነው ያገለገለ የሚባለው ያለሽ ማን ነው?

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 9 ላይ ያለችውን ጣቢታን አስቢያት፣ ዶርቃም ትባላለች። በኢዮጴ ትኖር ነበር። አስተማረች አይልም። ዘመረች አይልም። ከአፏ የወጣ አንድ ቃል እንኳ አልተጻፈልንም። መልካም ሥራና ምጽዋት ታበዛ ነበር ነው የሚለው። ስትሞት መበለቶቹ እያለቀሱ ጴጥሮስን ከበቡት፣ ያሳዩትም ምን መሰለሽ፣ በሕይወት ሳለች የሠራችላቸውን ቀሚስና ልብስ ነው። ሌላ ምስክር አላስፈለጋቸውም። ጴጥሮስ ተንበርክኮ ጸለየ፣ «ጣቢታ ሆይ፣ ተነሺ» አላት፣ ዓይኗን ስትገልጥ እጁን ሰጥቶ አስነሣት። ይሄን ታሪክ ስንት ጊዜ አብረን ሰምተናል፣ ግን አንቺ ራስሽን እዚያ ውስጥ አላየሽም።

አሁን ስለ እማዬ ልንገርሽ። ክረምቱ ሲገባ ስትሮክ መታት። የተጎዳው የጭንቅላቷ ግራ በኩል ስለሆነ ቀኝ እጇና ቀኝ እግሯ ሰነፈ፣ ንግግሯም ተኮላተፈ። እግሯ ቀስ በቀስ ተሻለው፣ ድክ ድክ ትላለች። እጇ ግን እምቢ አለ። እማዬን ታውቂያታለሽ። ለቅሶ ቤት ቀድማ ገብታ ሊጥ የምታቦካ፣ አራስ ቤት ገንፎ ይዛ የምትሮጥ፣ ሰው ውኃ ሲያቀብላት «እጅሽን ቁርጥማት አይንካው» ብላ የምትመርቅ ሴት ናት። ያ እጅ ጭኗ ላይ ዝም ብሎ ተቀምጦ ሳየው እጅ ምን እንደሆነ ማሰብ ጀመርኩ። እስከዚያ ድረስ አስቤበት አላውቅም።

ፊዚዮቴራፒ የምትሠራላት ልጅ ጎበዝ ናት፣ እያሸቻትም ታስረዳኛለች። አንድ እጅ ላይ፣ ከአንጓው እስከ ጣት ጫፍ ማለት ነው፣ 27 አጥንት አለ አለችኝ። ሁለቱ 54 መሆናቸው ነው፤ ከ206ቱ የሰውነታችን አጥንት ከሩብ በላዩ እጃችን ላይ ነው ማለት ነው። ጣት ውስጥ ደግሞ የሚያንቀሳቅሰው ጡንቻ የለም። ጡንቻው ክንድና መዳፍ ላይ ሆኖ ጣቱን በጅማት ነው የሚስበው። አውራ ጣት ዞሮ ከሌሎቹ ጋር ፊት ለፊት ባይገጥም ኖሮ መርፌ አትይዢም፣ ጉርሻም አትጠቀልዪም። ዳዊት «እጆችህ ሠሩኝ፣ አበጃጁኝም» ያለውን ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬ ያኔ ነው ወደ ልቤ የገባው። ይሄ ሁሉ ሥራ ተሠርቶ የተሰጠን ስልክ እንድንነካካበት ብቻ ነው? አይመስለኝም።

ከዚያ ማርቆስ ምዕራፍ 3ን አወጣሁና አነበብኩላት። እጁ የሰለለችው ሰው ምኩራብ ውስጥ ተቀምጧል፣ ሌሎቹ ጌታን በሰንበት ይፈውስ እንደሆነ ሊከሱት ይጠባበቃሉ። እሱ ሰውዬውን መሀል ላይ አቁሞ «በሰንበት በጎ ማድረግ ተፈቅዷልን ወይስ ክፉ?» ብሎ ጠየቃቸው። ዝም አሉ። አየሽ፣ ስለ በጎ ሥራ የጠየቀው አንድ የማይሠራ እጅ ፊት ለፊት አስቀምጦ ነው። ከዚያ «እጅህን ዘርጋ» አለው። ሰውዬው የማይችለው ነገር እኮ ያ ብቻ ነበር! ዘረጋት፣ ዳነችም። ቀኝ እጁ መሆኑን የጻፈልን ሉቃስ ብቻ ነው፣ ሐኪም አይደል። የጥንቱ የመጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚ ቅዱስ ጄሮም በ4ኛው መቶ ዓመት የጻፈው አንድ የቆየ ትውፊትም አለ። ሰውዬው ግንበኛ ነበር፣ በእጄ ሠርቼ የማድር ሰው ነኝና በልመና እንዳላፍር ጤናዬን መልስልኝ ብሎ ለመነ ይላል። በአራቱ ወንጌላት ውስጥ ይሄ የለም፤ እማዬን ግን አስለቀሳት። እሷም የምትፈልገው እሱን ነው። እጄ ተፈውሶ እንደገና ለሰው ልሥራበት ነው የምትለው።

ጳውሎስም የሙያ ባልደረባሽ ነው፣ ድንኳን ሰፊ ነበር። ለኤፌሶን ሰዎች የጻፈውን ልብ ብለሽ አንብቢው። የሰረቀ ከእንግዲህ አይስረቅ ይልና፣ ለጎደለው የሚያካፍለው እንዲኖረው በገዛ እጆቹ መልካምን እየሠራ ይድከም ይላል። ሰው ለምን ይሠራል ሲባል እኛ እንጀራ ለመብላት፣ ቤት ኪራይ ለመክፈል እንላለን። እሱም ልክ ነው፣ ኑሮውን አንቺም እኔም እናውቀዋለን። ጳውሎስ ግን ለጎደለው ለማካፈል አለ፣ ያውም ለትናንት ሌባ! ትናንት የሰው ኪስ የገባው ያው እጅ ነው ዛሬ ለሰው የሚዘረጋው፣ ሌላ እጅ አልተሰጠውም። እኔ ከዚህ በላይ ተስፋ የሚሰጥ ነገር ብዙ አላየሁም።

አንድ የሚያሳስበኝ ነገር አለ፣ ላንቺ ነው የምናገረው። «ኢትዮጵያ እጆችዋን ወደ እግዚአብሔር ትዘረጋለች» የሚለውን መዝሙር ሁላችንም እንወደዋለን፣ በዓል በመጣ ቁጥር እንጠቅሰዋለን። ኢሳይያስ ምዕራፍ 1ን ግን አንጠቅስም። እዚያ እግዚአብሔር እጃችሁን ብትዘረጉ ዓይኔን እሰውራለሁ፣ እጃችሁ ደም ሞልቶበታል ይላል። ታጠቡ፣ መልካም መሥራትን ተማሩ፣ የተገፋውን አድኑ፣ ለድሀ አደጉ ፍረዱለት ይላል። ወደ ላይ የሚዘረጋውና ወደ ጎረቤት የሚዘረጋው እጅ አንድ ነው። ጎረቤቱን የመታ እጅ ማታ ለጸሎት ሲነሣ እግዚአብሔር አያየውም ያለው ነቢዩ ነው፣ እኔ አይደለሁም። አንድ ዳቦ ሰጥቶ የተቀባዩን ፊት በቪዲዮ ማውጣትም ያመኛል። ቀኝህ የምታደርገውን ግራህ አትወቅ ተብለን የለ?

እውነቱን ለመናገር ብቻዬን ብሆን አልችለውም ነበር። ማጠብ፣ ማልበስ፣ ማጉረስ፣ ሌሊት ማገላበጥ፣ ወገቤ ተቆረጠ። ያችን የግድግዳ ጎረቤታችንን ታስታውሻታለሽ፣ ልጅ ሆነን ረመዳን ላይ ሳምቡሳ የምትሰጠንን። በየቀኑ ሱቢ፣ የንጋቱን ሶላት፣ ሰግዳ እንደጨረሰች ትመጣለች። የእማዬን ፀጉር ታጥባለች፣ ቅባት ቀብታ ትጎነጉንላታለች፣ እኔን ሂጂ ተኚ ትለኛለች። ለማን እንደምታደርግ ጠይቃ አታውቅም። የእድር ሴቶችም በተራ ይመጣሉ። ዘጸአት 17 ላይ የሙሴ እጅ ሲከብድበት ድንጋይ አምጥተው አስቀመጡት፣ አሮንና ሆር አንዱ በዚህ አንዱ በዚያ ሆነው ፀሐይ እስክትገባ እጁን ደገፉለት። ሙሴ እንኳ ደጋፊ አስፈልጎታል። በነገራችን ላይ እማዬ ስታማትብ ቀኝ እጇን እኔ ነኝ የማነሣላት፣ ከግንባሯ ወደ ደረቷ፣ ከግራ ትከሻዋ ወደ ቀኝ። በግራሽም ይቆጠርልሻል ብላት አልሰማ አለች።

ስለዚህ አንድ ሥራ ልሰጥሽ ነው። የእማዬ ቀሚሶች ሁሉ በአንገት የሚጠለቁ ናቸው። የማይታጠፍ እጅ ይዞ እነሱን መልበስ ስቃይ ነው፣ ሁለታችንም በየጠዋቱ እናለቅሳለን። ፊት ለፊቱ ከላይ እስከ ታች የሚከፈት ቀሚስ ስፊላት። ቁልፍ አይሁን፣ በአንድ እጅ መቆለፍ አትችልም፤ እንደ ልጆች ጫማ ማሰሪያ ሲጫኑት የሚጣበቀው፣ ቬልክሮ የሚሉት ይሁን። የቀኝ እጅጌው ሰፋ ይበል። ጨርቁ ለስላሳ ጥጥ ይሁንልኝ፣ ቆዳዋ ቶሎ ይላጣል። የድሮ ልኬቷ ካለሽ አትጠቀሚበት፣ ከስታለች፣ አዲሱን እልክልሻለሁ።

ፊዚዮቴራፒዋ ልጅ ስነግራት እንደ እማዬ ያሉ ብዙ እናቶች አሉ፣ እንዲህ ያለ ልብስ የሚሰፋ ሰው አጥተናል አለችኝ። የመጀመሪያው ከተሳካ ከእድሩ ሴቶች ጋር ጨርቅ አዋጥተን እንልክልሻለን፣ አንቺ ደግሞ አቆራረጡን አሳይተሽን እዚህም የሚሰፋ ሰው እንፈልጋለን።

አሁን ንገሪኝ፣ ጨርቁን እኔ ከዚህ ልግዛ ወይስ እዚያ ይረክሳል? ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው አግኝቻለሁ፣ እስከ ሐሙስ መልሱን ከላክሽልኝ በእሱ እጅ አደርስልሻለሁ። ለልጆቹም ትንሽ ማር አስቀምጫለሁ።

እማዬ ሰላም ብላሻለች።

ያንቺው፣ ከጅማ