ዶክተርዬ፣ አንድ ነገር ላስቸግርሽ

ዶክተርዬ፣ እንደምን ከረምሽ? እማማስ ጉልበታቸው ተሻላቸው?

ጠፍቼብሻለሁ፣ ይቅር በይኝ። ምክንያት አልደረድርም፤ ብደረድርም አትሰሚኝም። ስንገናኝ እንደ ልማድሽ ትቆጪኛለሽ፣ እኔም አንገቴን ደፍቼ እሰማሻለሁ። አሁን የጻፍኩልሽ ናፍቆቱም ስለበረታብኝ፣ የማማክርሽ ነገርም ስላለኝ ነው።

አሁንም እነዚያው ፕሮቲን ቆራጮች ላይ ነኝ። አራት ኪሎ ዶርም ውስጥ ስለ እነሱ ሳወራሽ «አቦ መብራቱን አጥፊና ተኚ» የምትዪኝ። ኤምኤምፒ የምንላቸው ኤንዛይሞች፣ ያለ ዚንክ የማይሠሩት፤ ሰው ላይ 23 ናቸው። ካንሰር ከተነሣበት ቦታ ለመውጣት በሴሎች መካከል ያለውን የኮላጅን አጥር ማለፍ አለበት። አጥሩን የሚቆርጡለት እነሱ ናቸው ተብለን ተማርን። እኔም ወደዚህ ሙያ የገባሁት እነሱን ብናስቆም በሽታው ባለበት ይቆማል ብዬ ነው።

ማሪማስታት የሚባለውን መድኃኒት ታስታውሻለሽ። በፈረንጆቹ 1990ዎቹ ሁሉንም በአንዴ እንዲያግድ ብለው ለታማሚዎች ሰጡት። መገጣጠሚያቸውን አሳመማቸው፣ የተጠበቀውን ያህል ግን አልረዳቸውም። ብዙ ሰው ዘርፉን ጥሎ ወጣ።

እኔን ያስቀረኝ በፈረንጆቹ 2003 ከስፔን፣ ከኦቪየዶ የወጣው ሥራ ነው። የካርሎስ ሎፔዝ-ኦቲን ቡድን ከቆራጮቹ አንዱ የሆነው ኤምኤምፒ-8 የሌላቸው አይጦች ላይ የቆዳ ካንሰርን አጠና። ወንዶቹ ዕጢ በዛባቸው። ሴቶቹ ምንም አልሆኑም፤ ኦቫሪያቸው ሲወጣ ወይም ኤስትሮጅንን የሚያግደው የጡት ካንሰር መድኃኒት፣ ታሞክሲፈን፣ ሲሰጣቸው ግን እነሱም እንደ ወንዶቹ ሆኑ። ከዚያ ኤንዛይሙ ካለው አይጥ መቅኒ ሲተከልላቸው መከላከያው ተመለሰ። ጠላት ያልነው ቆራጭ ዘበኛ ነበር ማለት ነው። ይዞት የሚዞረውም ኒውትሮፊል ነው፣ ያ አንቺ ሪፖርትሽ ላይ በአንድ መስመር የምታልፊው ነጭ የደም ሴል።

ታሞክሲፈን ስልሽ እንዳትደነግጪ፣ ታካሚም እንዳታስደነግጪብኝ። ያ አይጥ ላይ ነው፣ ቆዳ ላይ ነው። መድኃኒቱ የስንቷን ሴት ሕይወት እንዳተረፈ ከእኔ በላይ አንቺ ታውቂያለሽ። ግን ጥያቄው ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ።

ሌላም አለ። ብዙ የአፍሪካና የመካከለኛው ምሥራቅ ሰው በደሙ ውስጥ ያለው ኒውትሮፊል ከአውሮፓውያን ያነሰ ነው። በሽታ አይደለም፣ ዳፊ ከሚባለው ጂን ጋር የመጣ ተፈጥሮ ነው። እኛ አገር ደግሞ ሴቶችን ከሁሉ በላይ የሚያጠቃው ካንሰር የጡት ነው፤ ገና በወጣትነታቸው፣ አብዛኛውን ጊዜም ከረፈደ በኋላ ነው አንቺ ጋ የሚደርሱት። እና ዘበኛውን ይዞ የሚዞረው ኒውትሮፊል ደማቸው ውስጥ ቁጥሩ ሲያንስ ዕጢው ውስጥ ምን እየሆነ ነው? እኩል ይገባል? ኤምኤምፒ-8ን ይዞ ይገባል? ይህን ሳስብ እንቅልፍ እምቢ ይለኛል።

ባለፈው ሳምንት ከኒውትሮፊል ያወጣሁትን ፕሮቲን ኮላጅን የተቀላቀለበት ጄል ላይ አስሮጥኩ። ጄሉ 37 ዲግሪ ላይ አደረ። ጠዋት ሰማያዊውን ቀለም ቀብቼ ሳጥበው፣ ኤንዛይሙ ኮላጅኑን የበላበት ቦታ ላይ ጥርት ያለ ነጭ መስመር ወጣ። ብርሃኑ ላይ ይዤው ቆሜ ቀረሁ። መጀመሪያ የመጣሽብኝ አንቺ ነሽ። ልደውልልሽ ስልኩን አንሥቼ አፈርኩና መለስኩት።

እ... ሌላም ልንገርሽ። ክረምቱን ላቦራቶሪውን ልተወው ወስኜ ነበር። ውሌ ሊያልቅ ነው፣ እዚህ ጀርመን ደግሞ ማደሱ ቀላል አይደለም። ለእናቴም አልነገርኳትም። ያቺ መስመር ናት ሐሳቤን ያስቀየረችኝ።

እና ልመናዬ ይኸው። አንቺ ጋ የጡት ካንሰር ፓራፊን ብሎኮች፣ በሰም ውስጥ የተቀመጡ የዕጢ ናሙናዎች፣ አሉ። አላኪልኝም፤ ከአገር እንዲወጡም አልፈልግም። ኤምኤምፒ-8 ላይ የሚጣበቀውን አንቲቦዲ ይዤ ልምጣና ኤምኤምፒ-8ን እዚያው አብረን እንቅባው። ማይክሮስኮፑ ላይ ያለ አንቺ ዓይን አላምንም። እኔ ኤንዛይም አውቃለሁ፣ ቲሹ የምታውቂው አንቺ ነሽ። ጽሑፉ ላይ ስምሽ የኋላ ረድፍ ውስጥ አይገባም፣ የመጀመሪያው ደራሲነት የሁለታችን ይሆናል። ለሌላ ሰው ልጽፍ እችል ነበር፣ ግን ካንቺ ጋር ካልሆነ ልቤ አይቆርጥም።

ሥራ እንደሚበዛብሽ አውቃለሁ። ካልተመቸሽ አይሆንም በይኝ፣ አልቀየምሽም። ከተመቸሽ ግን መጀመሪያ የሥነ ምግባር ኮሚቴው ምን ምን ወረቀት እንደሚፈልግና ስንት ወር እንደሚፈጅ ጠይቂልኝ። ፈቃድ ሳይወጣ አንድ ብሎክ እንዳትቆርጪ። መልሱን በቴሌግራም በድምፅ ላኪልኝ፤ የእጅ ጽሑፍሽን ፎቶ አንሥተሽ ብትልኪ እንደ ድሮው ሳነበው ነው የምከርመው።

እማማን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ።