ስፌት ማስተማር ጥሩ ነው፤ ዋጋ መተመንስ?

ክቡር አዘጋጅ፦

ከሰው ነጋዴዎች እጅ ለወጡ ወጣት ሴቶች ስለተሰጠው የልብስ ስፌት ሥልጠና ያወጣችሁትን ዘገባ አነበብኩ። ለጉዳዩ ቦታ መስጠታችሁ ያስመሰግናል። አንድ ቅሬታ ግን አለኝ። የተመራቂዎቹን ፊት ማሳየት አልነበረባችሁም። ልጅቷን የሸጣት ደላላም ዜና ያነባል። ጎረቤቶቿም ያነባሉ። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው የተባበሩት መንግሥታት የሰው ንግድ መከላከያ ስምምነት፣ የፓሌርሞ ፕሮቶኮል፣ የተጎጂዎች ማንነትና የግል ሕይወት እንዲጠበቅ የሚጠይቀው በከንቱ አይደለም። ፎቶ የግድ ከሆነ እጃቸውንና የሰፉትን ልብስ ማሳየት ይበቃል።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ስፌትም አስተምራለሁ። ስለዚህ ሙያዬን ላጣጥል አልተነሳሁም። ስፌት ለእነዚህ ልጆች የሚመረጠው ያለምክንያት አይደለም። ለመጀመር ብዙ ትምህርት አይጠይቅም። ልጅ እያሳደጉ ቤት ውስጥ ይሠራል። በእግር የሚረገጥ የስፌት መኪና ከተገኘ መብራት ጠፋ አልጠፋ ግድ የለም። ከሁሉም በላይ ደግሞ ውጤቱ ቶሎ ይታያል። ጉልበቷ በሌላ ሰው ትዕዛዝ ሲያልቅ የኖረ ልጅ የመጀመሪያ ቀሚሷን ጨርሳ ስታነሳው፣ አገላብጣ አይታ አትጠግበውም።

የሚያሳስበኝ ሥልጠናው የሚቆምበት ቦታ ነው። ብዙ ጊዜ ቀጥ አድርጎ መስፋት፣ መዘምዘም፣ ዚፕና ቁልፍ መግጠም ላይ ያበቃል። ቅድ፣ ማለትም ልብሱን ለክቶ ንድፉን አውጥቶ መቁረጥ፣ ይቀራል። ቅድ የሌለበት ስፌት ደግሞ ግማሽ ሙያ ነው። ልኬት ወስዳ፣ ቅድ አውጥታ፣ ጨርቅ ሳታባክን መቁረጥ የማትችል ልጅ ሌላ ሰው የቆረጠውን ስትገጣጥም ትኖራለች። ደንበኛ ጨርቁን ይዞ በቀጥታ ወደ እሷ አይመጣም። ስለዚህ የግድ ቀጣሪ ትፈልጋለች። ቅድ ጊዜ ይወስዳል፤ የሚበላሸው ጨርቅም ወጪ አለው። በጀት ሲያጥር መጀመሪያ የሚቀነሰው እሱ መሆኑ ያናድደኛል።

ሁለተኛው የሚዘለል ነገር ሒሳብ ነው። ተማሪዎቼን «ይሄን ቀሚስ በስንት ትሸጪዋለሽ?» ብዬ ስጠይቅ የጨርቁን ዋጋ ይነግሩኛል። ክሩንና ዚፑን የምትጨምር ጎበዝ ናት። «አንቺ የሠራሽበትስ?» ስላት ትስቃለች። ጉልበቷ በነፃ ሲወሰድባት የቆየች ልጅ ጉልበቷን ዋጋ ውስጥ ባትቆጥረው አይገርምም። ይህን ማስተማር ዚፕ ከማስተማር ይከብዳል፤ እጅ ብቻ አይበቃውምና።

ሙያ ያላት ሴት አትታለልም የሚል እምነት አለ። አይመስለኝም። እ.ኤ.አ. በ1995 በአሜሪካ፣ ካሊፎርኒያ፣ ኤል ሞንቴ በምትባል ከተማ የተገኙትን 72 የታይላንድ ዜጎች ማስታወስ ይበቃል። አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ። በሽቦ በታጠረ የመኖሪያ ግቢ ውስጥ ዘበኛ እየጠበቃቸው ልብስ ሲሰፉ ነው የተገኙት። ለዓመታት የቆዩ ነበሩባቸው። የያዛቸው «የጉዞ ዕዳ» የሚባለው ነገር ነው። የሰፉት ልብስ በትልልቅ መደብሮች ይሸጥ ነበር። መስፋት ግን ይችሉ ነበር! በደቡብ ሕንድ ታሚል ናዱ ደግሞ ወጣት ልጃገረዶች ለዓመታት በፈትል ፋብሪካ እንዲሠሩ ይደረጉ ነበር፤ የሴቷ ቤተሰብ ለሙሽራው ወገን ለሚሰጠው ጥሎሽ የሚሆን ገንዘብ መጨረሻ ላይ በአንዴ ይከፈላችኋል እየተባሉ። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅትና አጋሮቹ እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ 27.6 ሚሊዮን ሰዎች በግዳጅ ሥራ ላይ እንደነበሩ ገምተዋል። አብዛኛው የሚፈጸመው በግሉ ዘርፍ ነው።

ስለዚህ ከመኪናው ጎን ሌላ ትምህርት መኖር አለበት። ፓስፖርትሽን ለማንም አትስጪ። ያልገባሽ ወረቀት ላይ አትፈርሚ። ደሞዝ «መጨረሻ ላይ» ከተባለ ጠርጥሪ። ሥራ አገናኝ ከሠራተኛ ላይ ገንዘብ መውሰድ እንደሌለበት እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 181 በመርህ ደረጃ ይደነግጋል። ይህን የምታውቅ ልጅ «ለሂደቱ ትንሽ ትከፍያለሽ» ሲሏት ቢያንስ ለምን ብላ ትጠይቃለች።

በሥልጠናው ወራት ምን ትበላለች የሚለውም አለ። ነፃ ሥልጠና ስንል ለእሷ ነፃ አይደለም። እዚያ ስትውል ሌላ ቦታ ልታገኝ የምትችለውን ታጣለች። ቤተሰብ ገንዘብ ይጠብቃል፤ አበዳሪም በር ላይ ቆሟል። የምግብና የትራንስፖርት የሌለው ሥልጠና አጋማሽ ላይ ወንበሩ ባዶ ይሆናል። ያኔ «ልጆቹ ቁም ነገር የላቸውም» ይባላል። እኔ ይህን ወቀሳ ሰምቼ ሰልችቶኛል።

ስፌት የማትወድም አለች። በስፌት ቤት ተቆልፎባት የነበረችውን ልጅ መልሶ መኪና ፊት ማስቀመጥ ምን ይባላል? ፀጉር ሥራ፣ ዳቦ መጋገር፣ ስልክ መጠገን፣ ኮምፒውተር፤ የሚመረጥ ነገር ይቅረብላት። ምርጫ ተነፍጋ የኖረች ናት።

ስለ ገበያውም እውነቱን እንንገራቸው። ርካሽ የተዘጋጀ ልብስና ሰልባጅ በሞላበት ዘመን አዲስ ቀሚስ ሰፍቶ መሸጥ ቀላል አይደለም። ቶሎ ገንዘብ የሚመጣው ከማጥበብ፣ ከማሳጠር፣ ዚፕ ከመቀየር ነው። የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ከተገኘ ደግሞ እሰየው። በምረቃ ቀን ለፎቶ የሚያምረው የሠርግ ቀሚስ ነው፤ በየቀኑ የሚያበላው ግን የሱሪ እግር ማሳጠር ነው።

ለጋዜጠኞቻችሁ አንድ ልመና አለኝ። ከምረቃው በኋላ ባለው ስድስተኛ ወር ተመልሰው ይሂዱ። የልብስ ስፌት መኪናው በማን ስም ነው? የልጅቷ ነው ወይስ ድርጅቱ መልሶ ወስዶታል? ስንቶቹ ከስፌት በሚያገኙት ይኖራሉ? ከመካከላቸው እንደገና ደላላ ያነጋገራት አለች? ለአዘጋጆቹም ሆነ ለገንዘብ ሰጪዎቹ እነዚህን ጥያቄዎች አቅርቡ፤ መልሱንም በፊት ገጽ አውጡት።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የልብስ ስፌት አስተማሪ