እትዬ፣ ስለ ባለቤቴ ለጠየቅሽኝ

አሰላሙ ዓለይኩም እትዬ፣ እንደምን ከርመሻል? ልጆቹ ደህና ናቸው? የእማዬ ጉልበትስ እንዴት ሆነላት? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ።

በቀደም ስንደዋወል «ለመሆኑ ዓረቡ እንዴት ይዞሻል?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። ስልኩ ስፒከር ላይ ስለነበር፣ እማዬም ስለምትሰማ፣ «ደህና ነን» ብዬ አለፍኩት። ግን ጥያቄሽ ውስጤ ቀረ። ዛሬ ሥራ የለኝም፤ እሱም የማታ ፈረቃ ሠርቶ ተኝቷል። ቁጭ ብዬ ልጻፍልሽ። መጀመሪያ ለብቻሽ አንብቢው፣ ከዚያ ለእማዬ የሚሆነውን አንቺ ታውቂያለሽ።

ፍርሃታችሁ አይከፋኝም። እኛ ጋ ዓረብ ሲባል ቶሎ የሚታሰበው የቤት ሠራተኛ የምትቀጥረው ማዳም ናት። ከከሚሴ፣ ከሐርቡ፣ ከወረባቦ፣ ከደጋን ስንቷ ልጅ ሄዳለች። በ2006 ዓ.ም. መንግሥት ጉዞውን ሲያግድ እንኳ በደላላ ተይዘው በባሕር የሄዱትን እናውቃለን። ሰኞ ገበያ አካባቢ የነበረችው ጎረቤታችን ልጇ ምን ሆና እንደተመለሰች አንቺም እኔም አይተናል። ስለዚህ «ዮርዳኖሳዊ ላገባ ነው» ብዬ ስደውል እማዬ ስልኩን ላንቺ አቀብላ ጓዳ መግባቷ አልገረመኝም። ዲቪ ደርሷት አሜሪካ የገባች ልጅ ምን አጥታ ነው ብላ ይሆናል።

ግን እትዬ፣ እኔ ወደ ሀገሩ አልሄድኩም። እሱ ነው ወደኔ የመጣው። የኛን ትዳር ከሰማችኋቸው ታሪኮች የሚለየው ይሄ ነው። እናንተ እሱ እንዳይጎዳኝ ትፈራላችሁ፣ እኔ ደግሞ እሱ እዚህ ሀገር እንዳያንስብኝ ነው የምጨነቀው።

እስቲ ከወረቀቱ ልጀምርልሽ። እዚህ ባልሽን ለማስመጣት አይ-130 የሚባል ማመልከቻ ታስገቢያለሽ። ከዚያ አይ-864 በሚባለው ላይ ትፈርሚያለሽ፤ ገቢዬ መንግሥት ካወጣው የድህነት መነሻ ከ125 በመቶ አያንስም፣ ይሄን ሰው እኔ እችለዋለሁ ማለት ነው። ያ ፊርማ እሱ ዜግነት እስኪያገኝ ወይም 40 ሩብ ዓመት፣ ማለትም አሥር ዓመት ያህል፣ የሥራ ዘመን እስኪቆጠርለት ይጸናል። ብንፋታ እንኳ አይፈርስም። እሱ ሲገባ ከተጋባን ሁለት ዓመት ስላልሞላን ግሪን ካርዱም የተሰጠው ለሁለት ዓመት ብቻ ነው። ሊያልቅ 90 ቀን ሲቀረው አብረን ሌላ ፎርም እንሞላለን፤ የኪራይ ውል፣ የባንክ ሒሳብ፣ ፎቶ፣ ትዳራችን የእውነት መሆኑን የሚያሳይ ነገር ሁሉ ይያያዛል።

ይሄ ሁሉ ለኔ ወረቀት ነው። ለሱ ግን ሌላ ነው። ኢርቢድ በምትባል የዮርዳኖስ ከተማ ፊዚክስ ሲያስተምር የኖረ ሰው ነው፣ ያስተማራቸው ልጆች መንገድ ላይ «ኡስታዝ» እያሉ ያስቆሙት ነበር። ቤተሰቡ ሰው ሲጣላ አስታራቂ፣ ሰው ሲያገባ ሽማግሌ ሆኖ የሚሄድ ቤተሰብ ነው። እዚህ ደግሞ ሌሊት መጋዘን ውስጥ ካርቶን ያነሳል። መኪናውን የምነዳው እኔ፣ ባንክ የማወራው እኔ፣ ሐኪም ጋ የማስተረጉመው እኔ። መጀመሪያ ሰሞን ዝም አለ። የተቆጣ ሰው ዝምታ አልነበረም። ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ አንድ ነገር ሳስረዳው «እሺ፣ እሺ» ይለኝ ነበር፤ እንደ እንግዳ። ባሌ በገዛ ቤቱ እንግዳ ሲሆን ማየት ልቤን በላው።

እኔም ስደርስ እንዲያ ስለነበርኩ መድኃኒቱን ትንሽ አውቀዋለሁ። ሰውን ሁሉን ነገር ሠርተሽ አታቀርቢለትም፤ አንዳንዱን ትተሽለት ትቆሚያለሽ። መንጃ ፈቃዱን ለማውጣት ዲኤምቪ ብቻውን ሄደ። ወረፋው አድክሞት፣ አንድ ሰነድ ጎድሎ ተመልሶ፣ እንደገና ሄዶ አወጣው። ያን ቀን ከበር ጀምሮ ነበር ስሜን የሚጠራው።

ሌላው ያዳነን ግብዣ ነው። ዮርዳኖስ ውስጥ የሰው ክብር በእንግዳ ነው፣ እሱን ያለ እንግዳ ማስቀመጥ እማዬን ያለ ጀበና ማስቀመጥ ነው። ስለዚህ ሥራ በማይገባበት ቀን መንሰፍ ይሠራል። መንሰፍ ማለት የበግ ስጋ በጀሚድ የሚቀቀልበት ነው፤ ጀሚድ ጨው ገብቶበት እንደ ድንጋይ እስኪጠነክር የደረቀ እርጎ ነው፣ ከረክ ከምትባለው ከተማ የሚመጣው ይበልጣል ይላሉ። በውሃ ተዘፍዝፎ ይሟሟል፣ ከሩዙና ከቂጣው ጋር በትልቅ ትሪ ይቀርባል፣ በቀኝ እጅ እየተጠቀለለ ይበላል። ጓደኞቼ መጀመሪያ ሽታውን ፈርተው ነበር። በኋላ ግን የእርጎው መኮምጠጥ ከእንጀራችን የራቀ አይደለም አሉ። እሱም ጉርሻ ማንም ሳያስረዳው ነው የገባው። በርበሬው ግን አሁንም ያስለቅሰዋል፤ ዶሮ ወጥ ስሠራ ለሱ አልጫ ለይቼ አወጣለሁ።

ቡናውም እንዲሁ። እነሱ ጋ ሄል የበዛበት መራራ ቡና በትንሽ ፍንጃል፣ ያውም ከሥሩ ብቻ ተቀድቶ ይሰጣል። ከበቃሽ ፍንጃሉን ነቅነቅ አድርገሽ ትመልሻለሽ። አንድ ጓደኛዬ ቤት አቦሉን ጠጥቶ ስኒውን ነቀነቀ፣ እሷ ደግሞ ምን እንደፈለገ ስላልገባት ሞልታ ቀዳችለት፤ እሱ እንደገና ነቀነቀ፣ እንደገና ቀዳች። በረካ ሳይደርስ መሄድ ነውር መሆኑን ስነግረው ደስ አለው። ሰው ጋ ረጅም መቀመጥ የሚፈቀድበት ቤት አገኘ።

አንድ ነገር ግን ብዙ አከራከረን። ምግብ ቤት ስንገባ ስጋው የሙስሊም እርድ መሆኑን ስጠይቅ ግራ ይገባው ነበር። እኛ ሀገር ክርስቲያንና ሙስሊም ተጋብቶ፣ በሰርግና በለቅሶ አንድ ላይ ሆኖ፣ ስጋው ላይ ሲደርስ ግን ለየብቻ እንደሚያርድ ነገርኩት። እነሱ ጋ ክርስቲያን ጎረቤታቸው ቤት ሄደው መንሰፍ ይበላሉ፤ ሥጋ ቤቱ አንድ ነው። በሌላ በኩል የአክስታችን ልጆች ክርስቲያን መሆናቸውን፣ እኛ ለገና እነሱ ለዒድ እንደምንሄድ ስነግረው አላመነም። «አንድ ቤተሰብ?» አለኝ። አንድ ቤተሰብ አልኩት። እዚህ ያለችውን የአክስታችንን ልጅ ሲያውቃት ነው ነገሩ የገባው። አሁን በጣም ይዋደዳሉ።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ። ይሄን ለእማዬ ከመንገርሽ በፊት አስቢበት።

ኒካው ኢርቢድ ሲታሰር አጎታችን ከጅዳ መጥቶ ወልይ፣ በአባት ቦታ የሚድረኝ፣ እንደሆነልኝ ታውቂያለሽ። የነሱ ሽምግልና ጃሃ ይባላል። ሽማግሌዎቹ ይገባሉ፣ የልጅቱ ወገን ቡና ያቀርባል፣ የሽማግሌዎቹ አለቃ ፍንጃሉን ሳይጠጣ ያስቀምጠዋል፤ የመጣንበት ነገር ካልተመለሰ አንጠጣም ይላል። አጎታችን «ሰጥተናችኋል» ሲል ሁሉም ጠጣ። አንድ ትልቅ ሰው ተነስተው «ዛሬ ከነጃሺ ሀገር ሰዎች ጋር ተዛመድን» ብለው ስለ መጀመሪያው ሂጅራ ተናገሩ። ሶሓቦቹን፣ የነቢዩን ባልደረቦች፣ ማን እንዳስጠጋቸው አስታወሱ። አጎታችን አለቀሰ፣ እኔም አለቀስኩ።

በዚያው ሰዓት ማድ ቤት ፍንጃል የምታጥበው ልጅ የወረባቦ ልጅ ነበረች እትዬ። የቢስቲማ ልጅ፤ ከኛ ቤት ምን ያህል ነው? ውሃ ልጠጣ ብዬ ገብቼ በአማርኛ «ከየት ነሽ?» ስላት ብርጭቆው ከእጇ ወደቀ። የባሌ እናት ክፉ ሴት አይደሉም፣ ይሄን ከልቤ ነው የምልሽ፤ አይመቷትም፣ ደሞዟንም ይከፍሏታል። ፓስፖርቷ ግን እሳቸው ቁም ሳጥን ውስጥ ነበር። ብቻዋን አትወጣም። ዮርዳኖስ በፈረንጆቹ 2008 የቤት ሠራተኞችን በሠራተኛ ሕጓ ውስጥ ያስገባች የመጀመሪያዋ ዓረብ ሀገር ናት፣ ፓስፖርት መያዝም በሕጋቸው ክልክል ነው። ግን ሕጉ ቁም ሳጥኑ ውስጥ አልገባም።

በነጋታው አማን ገበያ ወጥተን አንዲት ሴት በትሕትና «የምትሠሪው ማን ቤት ነው? እህትሽን ልታመጪልኝ ትችያለሽ?» አለችኝ። ባሌ ከጎኔ ነበር። ሴትዮዋን እንዳያሳፍር ብሎ ይመስለኛል፣ እጄን ይዞ ዝም ብሎ አለፈ። ማታ ነገርኩት። «እኔን ስታገባ ከዚህ ነገር ጋር ነው ያገባኸኝ፣ ሰው ፊት አፍህን ከፍተህ ሚስቴ ናት ካላልክ እኔ አንተን አሜሪካ ማምጣት አያስፈልገኝም» አልኩት። ከልቤ ነበር። እሱም ሰማኝ፣ ግን የገባው ያኔ አይደለም።

የገባው እዚህ መጥቶ ነው። መጋዘኑ ውስጥ አንድ አለቃ አለ፣ ዕድሜው የተማሪዎቹ ዕድሜ የሚሆን፤ በስሙ አይጠራውም፣ በጣቱ ነው የሚጠቁመው። እረፍት ሲጠይቅ ይጮህበታል። አንድ ጠዋት ከሥራ ገብቶ ጫማውን ሳያወልቅ ተቀመጠና «ያቺ ልጅ ቤታችን ስንት ዓመት ሆናት?» አለኝ። ከዚያ እናቱ ጋ ደወለ። በዓረብኛ ረጅም አወሩ፤ እኔ የሚገባኝን ያህል ሰማሁ። ለእናቱ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ሰምቼው አላውቅም ነበር። «እኔም እዚህ የሰው ሠራተኛ ነኝ፣ ፓስፖርቴን ግን ማንም አልወሰደብኝም» አላቸው። እናቱ አለቀሱ፣ ተቆጡ፣ «ሚስትህ ናት ያስተማረችህ» አሉ፤ ለብዙ ጊዜም አላናገሩኝም። እሱ ግን አልተወም። እህቱንም ወንድሞቹንም አንድ በአንድ ደወለላቸው።

እዚህም አንድ ቤት ተጋብዘን የቤቱ እመቤት «ሐበሾች ንጹሕ ሠራተኞች ናቸው፣ አማን አንድ ነበረችን» ስትል እንደ አማኑ ገበያ ቀን ዝም ብሎ አላለፈውም። ሹካውን አስቀምጦ «ይቺ የኔ እመቤት ናት፣ እኔን ወደዚህ ሀገር ያስገባችኝ እሷ ናት፣ ስለ ሕዝቧ እንዲህ አይወራም» አለ። ሴትዮዋ ይቅርታ ጠየቀች፤ በኋላ ደግሞ ቤታችን መጥታ ቡና ጠጥታ ሄደች። እትዬ፣ እንዴት ይዞሻል ላልሽኝ መልሱ ይሄ ነው። ያን አይ-864 የሚባለውን ወረቀት ዛሬም ቢሰጠኝ እፈርመዋለሁ።

ሁሉም ተስተካክሏል አልልሽም። የኛ ሰዎችም «ሐበሻ ጠፍቶ ነው?» ይላሉ፤ እሱ በማይሰማበት ቋንቋ እየሳቁ ማውራታቸው ያናድደኛል፣ ተቆጥቻቸዋለሁም። የዩኒቨርሲቲ ማስረጃውን ለማስገምገም ጀምረናል፤ ገንዘቡም ጊዜውም ብዙ ነው። እስከዚያ ተተኪ መምህር ሆኖ መሥራት ይቻል እንደሆነ እያጠያየቀ ነው። ገና ብዙ ይቀረናል።

አሁን የማስቸግርሽ ነገር አለ። ልጅቱ ፓስፖርቷ ተሰጥቷታል፤ ቤተሰቧን ልትጠይቅ ትመጣለች። ቲኬቷን የባሌ እናት ናቸው የቆረጡላት። ከቦሌ በአገር ውስጥ በረራ ኮምቦልቻ ትገባለች፣ ቀኑን በቴሌግራም እልክልሻለሁ። እባክሽ አንቺ ወይም ባልሽ ኤርፖርት ተገኙላት፤ ሻንጣ ይዛ ብቻዋን መነኻሪያ እንዳትንገላታ። አንድ ሌሊት እናንተ ጋ አሳድሯት፣ ጠዋት በሐይቅ አድርጋ ቢስቲማ ትግባ። መመለስ ከፈለገች ትመለሳለች፣ ካልፈለገች ደግሞ እዚያው እንድትቀር፣ ማንም እንዳያስገድዳት ከአባቷ ጋር ቁጭ ብለሽ አውሪልኝ። አንቺ ስትናገሪ ሰው ይሰማል። ለመቋቋሚያ የሚሆን ትንሽ ገንዘብ እኔና ባሌ አስቀምጠንላታል፣ ባንቺ ሒሳብ ስለምልከው ቁጥሩን ጻፊልኝ።

ለእማዬ ሄልና ዛዕተር ይዛለች፣ የባሌ እናት የላኩት ነው። ዛዕተሩን በዘይት አድርጋችሁ በዳቦ ብሉት። በርበሬና ሽሮ የሚመጣ ሰው ካገኘሽ ላኪልኝ፣ ሽሮው በርበሬ ያልገባበት ይሁን፣ እሱም እንዲበላው። ልጆቹን ሳሚልኝ፣ እማዬን አብሽሪ በያት።

እህትሽ፣ ከቨርጂኒያ